ስለ ልብ ወለዱ ታንክ የሚነገሩ ስሕተቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ሲገናኙ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ድርሰቶች አንዱ፣ እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ በዲሴምበር 1903፣ በእኛ አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም.፣ ዘ ስትራንድ በተባለው መጽሔት ያወጣው «የየብስ ብረት ለበሶች» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ነው። ምሽግ ለምሽግ ተፋጥጠው በከረሙ ሁለት ጦሮች መካከል ግዙፍ የብረት ተሽከርካሪዎች በጨለማ ደርሰው፣ ጉድጓዱን እየተሻገሩ ተዋጊውን ሲበትኑት አንድ የጦር ሜዳ ጋዜጠኛ ያያል። በድርሰቱ ዙሪያ ግን ከታሪኩም ከታሪክም የማይገጥም ብዙ ነገር ይወራል።

«ታንክን የፈለሰፈው ዌልስ ነው» ይባላል። አይደለም። ዌልስ ራሱ እንኳ የተሽከርካሪውን እግር ከሐሳቡ አላመነጨውም፤ በጎማው ዙሪያ ሰፋፊ የብረት ጫማዎች የተገጠሙለትን አሠራር ዲፕሎክ ከተባለ መሐንዲስ ሥራ ወስዶ፣ ስሙንም በድርሰቱ ጠቅሶታል። በጦር ሜዳ የታየው እውነተኛው ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 ጉዳዩን የመረመረው የእንግሊዝ ኮሚሽን ዋናውን የገንዘብ ሽልማት የሰጠው ለመሐንዲሶቹ ለትሪተንና ለዊልሰን ነበር።

«የልብ ወለዱ ታንክ እንደ ዛሬው ትልቅ መድፍ ነበረው» የሚለውም ድርሰቱን ካለማንበብ የመጣ ነው። የዌልስ ተሽከርካሪ ርዝመቱ ከ24 እስከ 30 ሜትር የሚደርስ፣ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ግዙፍ ነገር ይሁን እንጂ ትጥቁ ጠመንጃ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት የድርሰቱ ምርጥ ክፍል እዚህ ላይ ይገኛል፤ ተኳሹ በጠባብ ክፍሉ ተቀምጦ የውጪው ምስል በመስተዋትና በብርሃን ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍለት፣ በአንድ እጁ ክብ መሳያ ኮምፓስ የመሰለ መሣሪያ ይዞ የሰውየውን ቁመት ይለካና፣ የኤሌክትሪክ ደወል መጥሪያ የመሰለችውን ቁልፍ ይጫናል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ የቢሮ ሥራ የሚሠራ ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1916 በፈረንሳይ፣ በሶም ግንባር የተሰለፈው የመጀመሪያው ታንክ ግን 28 ቶን የሚመዝን፣ ስምንት ሰዎች በሞተሩ ሙቀትና ጭስ እየታፈኑ የሚነዱት ነበር፤ ገና ከመነሻው ሳይደርሱ ተበላሽተው የቀሩትም ጥቂት አልነበሩም።

«ይህን ያህል የከበደ ብረት መሬት ውስጥ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ነገሩ ተረት ነው» የሚሉም አሉ። የጎጃምን ዋልካ በክረምት የረገጠ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የሚያሰምጠው ጠቅላላው ክብደት ሳይሆን በእያንዳንዷ ስንዝር መሬት ላይ የሚያርፈው ጫና ነው። በአገራችን የሚታወቀው ቲ-55 ታንክ 36 ቶን ቢመዝንም፣ ሁለቱ ሰንሰለቶቹ ክብደቱን ስለሚያሰፉት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ወደ 0.8 ኪሎ ግራም ብቻ ሲሆን፣ የጭነት መኪና ጎማ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይጫናል። የዌልስ የብረት ጫማዎችም የታሰቡት ለዚሁ ነው። ይህ መላ ግን በጭቃ ላይ ወሰን አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 በቤልጅየም፣ ፓሸንዴል ላይ ታንኮቹ ሰንሰለታቸውን ይዘው ሰጥመዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት «ታንክ ያለውን ጦር እግረኛ አይመክተውም» የሚለው ነው፤ በተለይ ይህን ጎጃሜ ሲናገረው ይገርመኛል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ የመሩት ጦር በሽሬ፣ ደምበጉና በተባለው በር ላይ (ከእኛው ደምበጫ ጋር የሚያምታቱት አሉ) የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ገጥሟል። እነዚያ ታንኮች ክብደታቸው ከ3 ቶን ብዙም የማይበልጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ የሚዞር ማማ የሌላቸው ሲሆኑ መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ ያይ ነበር። ተዋጊዎቹ በጠባቡ መንገድ አጥምደው፣ ከጎንና ከኋላ ተጠግተው ላያቸው ላይ ወጡ። በዌልስ ድርሰት ውስጥ የተኳሾቹ ክፍሎች በፊት፣ በጎን እና በኋላ የተደረደሩ ናቸው፤ ደራሲው በወረቀት ላይ የዘጋውን ቀዳዳ፣ ከ32 ዓመት በኋላ የጣሊያን ፋብሪካ ክፍት ትቶታል።