ውርስ ትርጉም ምንድን ነው? ሰሙን መለወጥ ብቻ ነው እንዴ?

ውርስ ትርጉም የምንለው አንድን ሥራ ወደ ሌላ ቅርጽ፣ ለምሳሌ ልቦለድን ወደ ተውኔት፣ መለወጥን ነው። ሰሞኑን አንድ ሐያሲ ስለ አንድ አዲስ ተውኔት ሲጽፉ «ውርስ ትርጉም ማለት ወርቁን ሳይነኩ ሰሙን መለወጥ ነው» አሉ። ይህን አባባል ተማሪዎቼም በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግመው ጽፈውልኛል። አሁንስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሐያሲው ምሳሌውን ከቅኔ ወሰዱት፤ ቅኔ ደግሞ ከአንጥረኛ ቤት ነው የወሰደው። እንግዲያው አንጥረኛው ዘንድ እንሂድ። መጀመሪያ ሰሙን ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ያቀልጠዋል፤ ወርቁን የሚያፈሰው ሰሙ በተወው ባዶ ቦታ ነው። ወርቁን መስቀል ወይም ቀለበት የሚያደርገው እንግዲህ ሰሙ ነው። ሰሙን በቀለበት አምሳል ቀርጾ መስቀል የሚጠብቅ አንጥረኛ የለም። ታሪክም ከልቦለድ ወደ መድረክ ሲሄድ ቀልጦ ነው እንደገና የሚፈሰው። ከቀድሞው የሚተርፍ አለ፣ የሚጎድልም አለ። «ሐሳቡ ያው ነው፣ ልብሱ ብቻ ተቀየረ» የሚባል ነገር የለም።

ከዓመታት በፊት አንድ አጭር ልቦለድ ወደ ሬዲዮ ድራማ ለወጥኩ። በልቦለዱ ባል ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሚስት ምንም አትናገርም፤ ተራኪው በልቧ ያለውን ቂም ግማሽ ገጽ ያህል ይዘረዝርልናል። በሬዲዮ ግን ዝምታ ትንሽ ከረዘመ አድማጩ ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለዋል። ስለዚህ ሙቀጫ ሰጠኋት። ቡና ስትወቅጥ በሩ ይንኳኳል፤ ምቱ ቀጥ ይላል። «ማነው?» አትልም። ጥቂት ቆይቶ ዘነዘናው እንደገና ይጀምራል፣ አሁን ግን ፈጠን ፈጠን ይላል። አንባቢው ቂሟን ያውቅ ነበር። አድማጩ ግን «ፈራች ወይስ ተናደደች?» እያለ ይገምታል። የቂም ታሪክ የነበረው የጥርጣሬ ታሪክ ሆነ። አንዲት ቃል ሳልጨምር!

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔት ይመልከት። የኤዞፕ ተረቶች የቆዩ የግሪክ ተረቶች ናቸው። ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ብዙዎቹን በግጥም አዋዝቶ በ1668 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ለንጉሡ ልጅ፣ ለስድስት ዓመት ልዑል አበረከተው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ ከላ ፎንቴን ተነሥተው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት፣ ይህንኑ «ፋቡላ»ን፣ ጻፉ። አውሬዎቹ መድረክ ላይ ወጥተው በሰው አንደበት ስለ አስተዳደር ብልሹነት ተናገሩ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። ለሕፃን ልዑል የተበረከተው ተረት አዲስ አበባ ሲደርስ መንግሥትን አስቆጣ። ገጽ ላይ ያለ አንበሳ ሩቅ ነው፤ ድምፅ አውጥቶ ፊት ለፊት የቆመ አንበሳ ግን ማንን እንደሚመስል ተመልካቹ ወዲያው ይፈልጋል። «ወርቁ አልተነካም» የሚሉኝ ይህን እንዴት ያስረዱኛል?

ትረካን ከዚህ አንደባልቀው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርኩ ድንቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ያ ግን ትረካ እንጂ ውርስ ትርጉም አይደለም። ጽሑፉ የሀዲስ ዓለማየሁ ነው። ያልተሳካ ትርጉም ሠርቶ ሽፋኑ ላይ «ውርስ ትርጉም» ብሎ መለጠፍም ስያሜውን ያረክሰዋል።

የሕጉን ነገር ካላነሣሁ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃ የሚደረግለት ሐሳቡ ሳይሆን የተገለጸበት መንገድ ነው፤ ሥራውን ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥ መብትም የደራሲው ነው፣ ደራሲው ካለፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በእርግጥ «ወርቁን» ብቻ የወሰደ ጸሐፊ ፈቃድም አያስፈልገውም፣ ሥራውም ውርስ ትርጉም አይባልም። ገጸ ባሕርያቱን፣ የትዕይንቱን ሂደትና ንግግሩን ከወሰደ ግን ደራሲውን ወይም ወራሾቹን ፈልጎ ያስፈርም፤ ያውም የመጀመሪያው ልምምድ ሳይጀመር።