«እንግሊዝኛ ስለሚያጥረው ነው የሚቀላቅለው»፦ ስለ ፊሊፒንስ መምህራን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቱማአስ አንግ ዲማንድ፣ ካያ ናግኢንክሪስ አንግ ፕሬስዮ። ጌትስ ንዮ?»

ማኒላ ውስጥ የኢኮኖሚክስ መምህር ክፍል ገብቶ እንዲህ ቢል ማንም አይገረምም። «ፍላጎት ጨመረ፣ ስለዚህ ዋጋ ናረ። ገባችሁ?» ማለቱ ነው። እንግሊዝኛና የአገሪቱ ብሔራዊ ቋንቋ ፊሊፒኖ በአንድ ትንፋሽ። ታግሊሽ ይሉታል።

«እንግሊዝኛ ስለሚያጥረው ነው» የሚለው ወሬ በጣም ያሳዝነኛል። ያኔ ፊሊፒንስን ይገዙ የነበሩት አሜሪካኖች ገና በ1901 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛን የትምህርት ቋንቋ አድርገውታል። እስኪ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና እዩት። «ኢንክሪስ» ላይ የተለጠፈችው «ናግ» የፊሊፒኖ ሰዋስው ናት። እኛ «ሰብሚት አድርጉ» እንላለን፤ እነሱ «ኢሰብሚት ንዮ» ይላሉ። እኛ «አድርጉ»ን ከኋላ እናስከትላለን፣ እነሱ ከፊት ቅጥያ ይለጥፋሉ። ሁለቱን ሰዋስው ያላወቀ ሰው እንዲህ አድርጎ መግጠም አይችልም። የቋንቋ ተመራማሪዋ ሻና ፖፕላክ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ኒው ዮርክ ያሉ ፖርቶ ሪካውያን ላይ ያየችውም ይህንኑ ነው፦ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ አብዝተው የሚቀላቅሉት ሁለቱንም ቋንቋ በደንብ የሚችሉት ናቸው።

«ፊሊፒኖን ያበላሸዋል» የሚሉም አሉ። ከላይ ያየነው «ፕሬስዮ» (ዋጋ) ራሱ ከስፔን የመጣ ቃል ነው፤ ዛሬ ማንም ባዕድ አይለውም።

«ሕግ መጣስ ነው» ለሚሉት፦ የ1987ቱ (እ.ኤ.አ.) የፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት ፊሊፒኖንም እንግሊዝኛንም የሥራ ቋንቋ አድርጓል። የ1974ቱ የትምህርት መመሪያ ሳይንስና ሒሳብን ለእንግሊዝኛ፣ ማኅበራዊ ሳይንስን ለፊሊፒኖ ማከፋፈሉ እውነት ነው። ግን ግራ የገባው ተማሪ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ እያለ መምህር እንዴት ድንበር ይጠብቃል?

«ተማሪው እንግሊዝኛ አይለምድም» የሚለው ስጋት ግን መሠረት አለው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ከመጣ፣ በታግሊሽ የገባውን ነገር ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ መጻፍ ሊያቅተው ይችላል። መፍትሔው መቀላቀሉን መከልከል አይመስለኝም። ካብራሩ በኋላ ሐሳቡን አንዴ በእንግሊዝኛ መድገም፣ ከዚያም ተማሪውን በራሱ አፍ ማስባል ነው።

ከሁሉም የሚረሳው ግን ይሄ ነው፦ «ፊሊፒኖ ሲናገሩ ሁሉም ይገባዋል» ይባላል። አገሪቱ ከ100 በላይ ቋንቋዎች አሏት። ፊሊፒኖ የተመሠረተው በማኒላ አካባቢ ቋንቋ በታጋሎግ ላይ ነው። ሴቡ ደሴት ላይ ያደገ ልጅ ቤቱ የሚያወራው ቢሳያ ነው፤ ፊሊፒኖንም እንግሊዝኛንም የተማረው ትምህርት ቤት ነው። ማኒላ መጥቶ ሲማር መምህሩ «ላቅልላችሁ» ብሎ ቋንቋ ሲቀይር፣ እሱ የሄደው ከአንዱ የትምህርት ቤት ቋንቋ ወደ ሌላው ነው።

ይህ እኛም ጋ አለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ ይባላል፤ መምህሩ ግን ነገሩ ሲጠጥር ወደ አማርኛ ይዞራል። ያኔ ክፍሉ ዘና ይላል። አንዱ ይስቃል፣ ሌላው «አሃ!» ይላል። ከኋላ ደግሞ አማርኛ ብዙም የማይሰማ ልጅ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አጠገቡ ያለውን «ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ ያን ልጅ ካየው፣ ያችኑ ነገር በእንግሊዝኛም ቀስ ብሎ ይድገምለት።