ጀነሪክ መድኃኒት «80 በመቶ ብቻ ነው» የሚባለው ነገር

«ፋርማሲው ክኒኔን ቀየረብኝ። ጀነሪኩ የዋናውን 80 በመቶ ከያዘ ይፈቀድለታል ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጀነሪክ ማለት ዋናውን፣ ማለትም ባለ ንግድ ስሙን መድኃኒት የሚተካ፣ ሌላ አምራች የሚሠራው መድኃኒት ነው። እውነት አይደለም። ሰው በዚህ ፍርሃት የደም ግፊት መድኃኒቱን እንዳያቆም ስለምሰጋ ላስረዳ።

ክኒኑ ውስጥ ያለው ፈዋሽ ንጥረ ነገር ያው ነው። ኖርቫስክ የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት 5 ሚሊግራም አምሎዲፒን (ፈዋሹ ንጥረ ነገር) ካለው ጀነሪኩም ያው 5 ሚሊግራም ነው። «ከ80 እስከ 125 በመቶ» የሚለው ቁጥር የመጣው ከደም ምርመራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ፈቃደኞች ሁለቱንም በየተራ ይውጣሉ። ከዚያ ደማቸው በተለያየ ሰዓት እየተቀዳ፣ ደም ውስጥ የገባው መድኃኒት ይለካል።

ሰው ከሰው ስለሚለያይ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ አማካዩን ብቻ አያይም። ግምቱ የሚዘረጋበት ስፋት በሙሉ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል መሆን አለበት። ዋናው 100 ነው እንበል። የጀነሪኩ አማካይ 84 ሆኖ ግምቱ ከ77 እስከ 92 ቢዘረጋ፣ 77 ከ80 በታች ስለሆነ ወደቀ ማለት ነው። 84 ማግኘቱ አያድነውም። ከ1996 እስከ 2007 ኤፍዲኤ ባያቸው 2,070 ጥናቶች፣ ወደ ደም በሚገባው መጠን ላይ የታየው አማካይ ልዩነት 3.5 በመቶ ገደማ ነበር።

ቀለሙ፣ ቅርጹና ማያያዣው ግን ይለያያል። ላክቶስ ወይም ማቅለሚያ የማይስማማችሁ ካላችሁ ለፋርማሲስቱ ንገሩት። እንደ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) ባሉ ጥቂት መድኃኒቶች ደግሞ ወሰኑ ይበልጥ ጠባብ ነው፤ አምራቹ ሲቀየር ሐኪሙ ደማችሁን እንደገና ሊለካ ይችላል።