«ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ»

ይህ ተረት ዛሬ በብዛት የሚሰማው ስብሰባ ላይ ነው። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይነሣና «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ምጣዱ ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ተረቱ የተተረተው ለምጣዱ ነበር።

ምጣድ ዝም ብሎ አይገኝም። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ነፍታ ካቦካች በኋላ የተወቀጠ ገል ትቀላቅልበታለች፤ ገሉ ካነሰ ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ግን ጥቂት ነው። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ጠርዙ ከመሐሉ ቀድሞ ደርቆ ይጣመማል፤ ስለዚህ ጥላ ውስጥ ይሰነብታል። ፊቱ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ከዚያ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። እርጥበት የቀረበት ምጣድ እሳቱ ውስጥ ይፈነዳል።

ከገበያ ሲገዛ በጣት ኳ ኳ ይደረጋል። ድምፁ የታፈነ ከሆነ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ቤት ሲገባ ደግሞ ማሟሸቱ ይቀራል፦ ምጣዱ ከጋለ በኋላ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በጨርቅ ይታሻል፣ ወዝቶ እስኪጠቁር ይደጋገማል። ሳይሟሽ ከተጋገረበት እንጀራው ተጣብቆ አይነሣም። የጣራ ሸክላ አንዱ ቢሰበር አንዱ ይተካል፤ የተሰነጠቀ ምጣድ ግን ለሌላ ምጣድ ጭቃ የሚወቀጥ ገል ነው።

አይጧስ? ብዙ ሰው ምጣዱ ላይ ወጥታ የቆመች አድርጎ ይስላታል። እኔ ከሥሩ ናት ባይ ነኝ። ተጋግሮ ሲያበቃ ምጣዱ ጉልቻው ላይ እንዳለ ይቀራል፤ አመዱ ሌሊቱን ይሞቃል፣ ዙሪያው የሊጥ ፍንጣቂ አለ፤ ለአይጥ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ዱላ የሰነዘረ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ምጣዱን ነው። «ትለፍ» መባሉንም በማስረጃነት እቆጥረዋለሁ፤ ላዩ ላይ ብትሆን «ትውረድ» ባሏት ነበር።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የአይጧን ዋሻ አጥፍቶታል። ሳህኑ ግን ያው ሸክላ ነው፤ ከሥሩ በተቦረቦረ መስመር ሽቦ ተዘርግቶበት በጀሶ ይደፈናል። ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ቢነካው እንደ ጥንቱ ይሰነጠቃል።

ባለቤቲቱ አይጧን ያሳለፈቻት ምህረት አድርጋላት አይደለም። ምጣዱ ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ከተደገፈ በኋላ ወጥመድ ታጠምድላታለች። የማኅበር ገንዘብ ላጎደለ ሰው ይህን ተረት የሚያወጡ ወገኖች ታዲያ ወጥመዱን የት እንዳስቀመጡት ቢነግሩን ጥሩ ነበር።