«ሰበር ወስኗል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ የተጎዳ ሁሉ «ሰበር ለእንትና የጉዳት ካሳ ወስኖለታል፣ ለኔም ይገባኛል» ይላል፣ ግማሹ ልክ ነው። በፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ቢያንስ በ5 ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የስር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፣ ግን የሚያስገድደው ትርጉሙ እንጂ ለዛ ሰውዬ የተቆረጠለት ብር አይደለም። ያንተ ብር የሚሰላው የሐኪሞች ቦርድ፣ ማለትም ጉዳትህን መርምሮ በፐርሰንት የሚጽፈው የሐኪሞች ቡድን፣ በሚሰጥህ ውጤት ነው። ጡረታ የማይሸፍነው ሰራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ጭራሽ መስራት ካልቻለ የ5 ዓመት ደሞዝ ያገኛል፣ ሁለት ጣት ብቻ ከሄደበት ደግሞ ቦርዱ በጻፈለት ፐርሰንት ልክ ከዛው ላይ ይሰላል። ፐርሰንቱ አንሷል የምትል ከሆነ ታዲያ ክርክሩን በስር ፍርድ ቤቶች ጨርስ፣ ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው እንጂ ጣት አይቆጥርም። ደሞ «ሰበር ብሏል» ብቻ ብለህ አትሂድ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ያዝ።