ስለ መኪና መጎተቻ መንጠቆ የሚባሉ ስህተቶችና እውነታው

አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ስላለች ከባድ መኪና ተበላሽቶ ሲጎተት ማየት ብርቅ አይደለም፣ መንጠቆ መግጠምና መቀየርም ለጋራዦቿ የዘወትር ስራ ነው፣ ስራው ላይ የሚባሉት አንዳንድ ነገሮች ግን ሰው ያስገድላሉ።

«መንጠቆው ወፍራም ከሆነ ይችላል» ይባላል። ባካችሁ፣ ጭነቱን አብረው የሚሸከሙት እኮ ቡሎኑና ሻሲው ናቸው። ቡሎኑ ጭንቅላት ላይ 8.8 ወይ 10.9 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፣ የጥንካሬው ነው፣ 10.9ኙ ይበልጣል፣ እና ፋብሪካው 10.9 የገጠመበት ቦታ ላይ አሮጌው ሲጠፋ ጥንካሬውን ሳያዩ ከሳጥን ውስጥ ውፍረቱ ብቻ ልክ የሆነውን አንስቶ ማሰር ዛሬ ይዞ ነገ የሚለቅ ስራ ነው። የሚጠብቀውም በጉልበት ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ነው (ስንቱ ጋራዥ አለው የሚለው ሌላ ወሬ ነው)።

«ከተሰነጠቀ ይበየዳል» የሚለው ደሞ ይብሳል። ብዙው መንጠቆ በሙቀት የተጠናከረ ብረት ነው፣ ስትበይዱት ከብየዳው ጎን ያለው ቦታ ጥንካሬውን ያጣል፣ ላዩ ተሞርዶ ቀለም ሲቀባ አዲስ ይመስላል፣ ጭነት ሲመጣ እዛው ጎኑ ላይ ይበጠሳል። ይቀየር፣ በቃ።

«ክሪኩ ይዞታል ግባ»፦ ክሪክ ለማንሳት እንጂ ሰው ስር ገብቶ እንዲሰራ አይደለም። ስታንድ (መኪናውን ተሸክሞ የሚቆም የብረት እግር) ይግባ፣ ጎማው ታኮ ይደረግለት፣ አፈር ላይ ከሆነ ስታንዱ ስር ጠንካራ ጣውላ ይነጠፍ።

«መኪናው ስር ያለ ቀለበት ሁሉ መጎተቻ ነው» የሚሉም አሉ። አንዳንዱ መርከብ ላይ ሲጫን ማሰሪያ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ማኑዋሉ ይታይ። ተጎታች የሚያያዝበት የብረት ኳስ ላይ ካቦ አስሮ ጭቃ የያዘውን መኪና መንጭቆ ማውጣትማ ጭራሽ አይሞከርም፣ ኳሱ ከተነቀለ እንደ ጥይት ነው የሚወረወረው፣ ውጭ አገር በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። እኛ ጋ ረዳቱ ካቦው አጠገብ ቆሞ «ሳብ! ሳብ!» ይላል፣ መቆም ያለበት ግን ከካቦው ርዝመት በላይ ርቆ ነው፣ በጎን።

የሚጠመዘዘው መንጠቆ ላይ «ሁሉም ወደ ቀኝ ይጠብቃል» ብላችሁ አትታገሉት፣ ቮልስዋገንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ጥርሱ ግራ ስለሆነ፣ ማለትም ወደ ግራ ሲዞር ስለሚጠብቅ፣ ታበላሹታላችሁ። ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደሞ «ኒውትራል ካረጉት ይጎተታል» የሚለው አይሰራም፣ ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ዞሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ሊቃጠልም ይችላል፣ ስለዚህ ተጭኖ ነው የሚሄደው፣ መንጠቆው የሚያገለግለው ወደሚጭነው መኪና ላይ ለመሳብ ነው።