ካረጁ አይበጁ

ባለፈው ከቅዳሜ ገበያ ስመለስ ጎረቤታችንን እማማን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ጭናቸው ላይ ባዘቶ፣ እጃቸው ላይ እንዝርት።

«እማማ፣ አሁንስ አይደክምዎትም?»

«ካረጁ አይበጁ አሉ!» ብለው ሳቁና እንዝርቱን አሾሩት።

«በጀ» ማለት ጠቀመ፣ ረባ ነው። «አበጀህ!» የምንለውም ከዚሁ ግስ ነው። ስለዚህ አባባሉ «ካረጁ ወዲያ ለምንም አይረቡ» እንደማለት ነው። ለእኔ የገበሬ ቤት አነጋገር ይመስለኛል። ያረጀ በሬ ቀንበር ይከብደዋል፤ ያረጀ ጠፍር ይበጠሳል። ወደ ሰው ሲዞር ግን ተናጋሪው ይወስነዋል። ወጣት ለሽማግሌ ካለው ስድብ ነው። ሽማግሌው ራሱ ሲለው፣ ስም ጠፍቶበት ወይም ክሩ መርፌው ቀዳዳ አልገባ ብሎት፣ ግማሹ ምሬት ግማሹ ቀልድ ነው።

የእማማ ዕድሜ በወረቀት አልሰፈረም። «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይላሉ። ጣሊያን ጎንደር የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ እናንተው ደምሩት። ምስጢሩን ስጠይቃቸው ስለ ምግብ ብዙም አላወሩም። ሽሮ ነው፣ ጎመን ነው፣ ጾሙም አለ። ስለ ሥራ ሲሆን ግን አያቆሙም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ አቀበቱን በእግራቸው። ከዚያ ጥጡ። ማታ የተጣሉ ጎረቤቶች ካሉ ደግሞ ማስታረቁ የእሳቸው ነው።

በረጅም ዕድሜ ነዋሪዎቿ ስሟ የሚነሳው የጃፓኗ ኦኪናዋም ከዚህ አትርቅም። ጃፓኖች «ኢኪጋይ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ ለመኖር ምክንያት የሚሆን ነገር ማለት ነው። ሆድ ከአሥር ስምንት እጅ ሲሞላ ከማዕድ መነሳትም የኦኪናዋ ሽማግሌዎች ልማድ ነው። ዘርና ዕድልም ድርሻ አላቸው መቼም። ደም ግፊትም እንዝርት አይቶ አይመለስም፤ እማማም ጤና ጣቢያ ሄደው ይለካሉ። ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ አባባሉ የተገለበጠ ነው። ሰው «አትበጅም» ተብሎ ጥግ ሲቀመጥ ነው ቶሎ የሚያረጀው።

«ፈትሉ ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለልጅ ልጄ ጋቢ። ሸማኔው እየጠበቀኝ ነው። ወዲያ በል እስቲ፣ ብርሃኑን ጋረድክብኝ!»